የ10 ቀን ሥልጠና ይዤ ሦስት መስማት የተሳናቸው ልጆች ተመደቡልኝ፤ ምን ልማር?

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ በአንዲት የወረዳ ከተማ የ2ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 58 ተማሪዎች አሉ። ዘንድሮ ሦስት መስማት የተሳናቸው ልጆች ተመደቡልኝ። አንዱ 9 ዓመቱ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ሁለተኛዋ 11 ዓመቷ ነው፤ በ5 ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነው መስማት ያቆመችው። ሦስተኛዋ የ8 ዓመት ልጅ ናት፤ ጆሮዋ ይመግላል፣ ጮክ ብዬ ስጠራት ግን ትዞራለች። እኔ ያለኝ የ10 ቀን የምልክት ቋንቋ ሥልጠና ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ‹ፊት ወንበር ላይ አስቀምጫቸው፣ ከአፍሽ እያነበቡ ይለምዳሉ› ይሉኛል። የልጁ እናት ደግሞ ምልክት ከለመደ ጭራሽ መናገር ይተዋል ብላ ትፈራለች። የሦስት ወር ኮርስ ብወስድ ይበቃኛል? ወይስ ዲግሪ ልጀምር?»

መልስ፦ የሦስት ወር ኮርስ አይበቃሽም። ዲግሪም አሁን የመጀመሪያ ሥራሽ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ከሳትሽው ዓመታት ተምረሽ፣ ዲግሪውን ይዘሽ፣ ከልጁ ጋር ስለ ትናንት ውሎው ማውራት ሳትችይ ልትቀሪ ትችያለሽ። እንዲህ የሆኑ መምህራን አውቃለሁ። ሰነፎች አይደሉም። የተሰጣቸው ሥልጠና ነው እዚያ ያቆማቸው።

«ሥልጠና» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሦስት ነገር ታጭቋል። አንደኛው ቋንቋው ነው። ሁለተኛው መስማት የተሳነው ልጅ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ የሚማርበት መንገድ ነው። ሦስተኛው የጆሮ ጉዳይ ነው፦ ልጁ ምን ያህል ይሰማል፣ ለምን አልሰማም፣ ምን ይረዳዋል የሚለው። አንዱን የሚሰጥሽ ቦታ ብዙውን ጊዜ ሌሎቹን አይሰጥሽም። ስለዚህ የቱን ልማር ከማለትሽ በፊት ልጆቹን እንያቸው።

ሦስቱን ልጆች በአንድ ስም ጠርተሽልኛል። ከጻፍሽው ስነሣ ግን ሦስቱ በጣም የተለያዩ ናቸው።

የ9 ዓመቱ ልጅ ትልቁ ጉድለቱ ቋንቋ ነው። ከእናቱ ጋር ቤት ውስጥ የተፈጠሩ ጥቂት ምልክቶች ይኖሩታል። ብላ፣ ና፣ ሂድ፣ አባትህ መጣ የሚሉ። ግን ዝናብ ለምን ይዘንባል፣ ነገ የት ነው የምንሄደው፣ አያቴ ለምን አትመጣም ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቅበት ነገር አልተሰጠውም። የሚሰማ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት ይዞ ይመጣል፤ አንቺ የምትጨምሪለት ፊደሉን ነው። ይህ ልጅ ፊደሉን የሚያገናኘው ቃል የለውም። ደግሞም ብርቅ አይደለም። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከአሥር ዘጠኙ በላይ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። እናትና አባት ምልክት ቋንቋ አያውቁም፣ ልጁ የእነሱን አይሰማም፣ ዓመታት እንዲሁ ያልፋሉ። የመጀመሪያ ቋንቋ በቀላሉ የሚያዘው በሕፃንነት ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ለዚህ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሄዷል፤ ለዚህ ነው ቀድሞ ቋንቋ ማግኘት አለበት የምልሽ።

የ11 ዓመቷ ልጅ ሌላ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ አማርኛ ሰምታለች። ቋንቋው ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። ምናልባት አሁንም ትናገር ይሆናል፤ ድምፅዋ ቢለወጥም አታቋርጪያት፣ አታሳፍሪያት። ፊደል ከልጁ ቀድማ ትይዛለች፤ ምክንያቱም «ውሻ» የሚለው ጽሑፍ ከምታውቀው ቃል ጋር ይገናኝላታል። ለእሷ ጽሑፍ ትልቅ በር ነው። ምልክት ቋንቋም ያስፈልጋታል፤ ዕድሜ ልክ ሰሌዳ እያነበበች ጓደኛ አታፈራም።

ሦስተኛዋ በከፊል የምትሰማ ልጅ ናት፤ የእሷ ጉዳይ መጀመሪያ የሕክምና ነው። የሚመግል ጆሮ ብዙ ጊዜ የታምቡር መቀደድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚታየው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ ያህሉ መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው ይላል። የተተወ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ማጅራት ገትር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ያለ ሐኪም ክትትል የሚወሰድ ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም ጆሮ ይጎዳል። ይህችን ልጅ «መስማት የተሳናት» ብለሽ ምልክት ብቻ ልታስተምሪያት ብትነሺ ልትድን የምትችለውን ታስቀሪያታለሽ። «ትሰማለች» ብለሽ ብትተያት ደግሞ ግማሹን ትምህርት ታጣለች። እንዲህ ያሉት ልጆች ናቸው በብዛት «ትኩረት የላትም»፣ «ሰነፍ ናት» የሚባሉት።

አሁን ወደ ርዕሰ መምህሩ ሐሳብ ልምጣ። ስህተት ነው፤ ግን የእሳቸው ብቻ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች ምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት ይውጣ፣ ልጆቹ በንግግርና በከንፈር ንባብ ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ። ያ ውሳኔ ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ አገር ልጆች እጃቸውን አጣምረው እንዲቀመጡ አድርጓል። ያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ውሳኔውን በይፋ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው።

አንቺ ግን ታሪኩን መጥቀስ ሳያስፈልግሽ በመስታወት ልታስረጃቸው ትችያለሽ። መስታወት ፊት ቁሚና ያለ ድምፅ «ድር» በዪ፣ ከዚያ «ጥር» በዪ። ከንፈርሽ ላይ ልዩነት የለም። «በላ» እና «መላ»ም አንድ ናቸው። የ«ገና» «ገ» እና የ«ቀና» «ቀ»ማ ከአፍ ወደ ኋላ የሚሠሩ ድምፆች ስለሆኑ ጭራሽ አይታዩም። ከንፈር የሚያነብ ሰው የሚያየውን ትንሽ ነገር ይዞ ቀሪውን በግምት ይሞላል። ግምቱ የሚሠራው ቋንቋውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው። የ11 ዓመቷ ልጅ በቅርብ ርቀትና በጥሩ ብርሃን ትንሽ ልትጠቀምበት ትችላለች። ልጁ ግን ሰምቶት የማያውቀውን አማርኛ ከአፍሽ እንዲገምት መጠየቅ ሰምተሽው የማታውቂውን የውጭ ቋንቋ ከመስኮት ውጭ ከቆመ ሰው አፍ ላይ አንብቢ እንደ መባል ነው።

የእናቲቱ ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ነው፤ በእርጋታ አስረጂያት። ምልክት ቋንቋ ንግግርን አይገድልም። መናገር የሚችለው ልጅ ምልክት ስላወቀ አይተወውም። ቋንቋ ያለው ልጅ ንግግርንም ጽሑፍንም የሚማርበት መሠረት አለው። ልጇ በዘጠኝ ዓመቱ የማይናገረው ምልክት ስለለመደ አይደለም፤ ምልክትም አልለመደም። ይህን በዚሁ ቃል ንገሪያት። ከዚያም እሷ ራሷ ከልጇ ጋር አብራ እንድትማር ጋብዣት። እናት ያልተማረችው ምልክት ከትምህርት ቤት በር አያልፍም።

በ10 ቀን ሥልጠናሽ የያዝሽው ምናልባት የጣት ፊደልና መቶ ወይም ሁለት መቶ ቃላት ነው። የጣት ፊደላችን ግሩም ነገር ነው። የእጅ ቅርጹ ተነባቢውን ይነግርሻል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ። ሆኖም የጣት ፊደል አማርኛን በጣት መጻፍ ነው። ፊደል ለማያውቅ ልጅ «ወንበር» ብለሽ በጣትሽ ብትጽፊለት አየር ላይ ጻፍሽ ማለት ነው። አዳዲስ ሠልጣኞች ምልክቱ ሲጠፋባቸው ወደ ጣት ፊደል ይሸሻሉ። ልጁ ራሱን ይነቀንቃል። የገባው ይመስላል።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አማርኛን ቃል በቃል በእጅ መተርጎም አይደለም። የራሱ ሰዋስው አለው። «ሰጠሁህ» እና «ሰጠኸኝ» ለማለት የሚለየው የእጁ አቅጣጫ ነው። ጥያቄ መሆኑን የሚነግርሽ ቅንድብና ፊት ነው። አንድን ሰው በቀኝ በኩል ካስቀመጥሽው ወሬው እስኪያልቅ እዚያው ነው፤ ወደዚያ ስትጠቁሚ እሱ ማለትሽ ነው። አፍሽ አማርኛ እያወራ እጅሽ በአማርኛ ቅደም ተከተል ቃል ሲለቅም ሁለቱም ይበላሻሉ። ስታመለክቺ ድምፅሽን አጥፊ። 55ቱን ተማሪዎች ምን ላድርግ ትይኝ ይሆናል፤ እመጣበታለሁ።

ቋንቋውን የት ትማሪዋለሽ? ከባለቤቶቹ። ይህን ስል ማሰልጠኛ ንቄ አይደለም። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማህበር ቅርንጫፎች አሉት፤ በአቅራቢያሽ የት እንዳለ ጠይቂ። በከተማሽ ውስጥም መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር ቆራጭ ወይም ነጋዴ አይጠፋም። ምልክት ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ፈልጊ፤ ከቤት ምልክት ያላለፈ ሰው ቋንቋውን ሊያስተምርሽ አይችልም። በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት አብረሽው ተቀመጪ። ክፈይው፤ የአስተማሪነት ሥራ ነው። መጽሐፍ ከፍታችሁ ቃል አትልቀሙ። አውሩ። ስለ ገበያው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ትናንትናው ኳስ። በእኔ ልምድ አንድ መምህር ከልጆች ጋር እንደ ልብ ለማውራት በዚህ አኳኋን አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የሦስት ወሩን ኮርስ ከዚህ ጎን ውሰጂው፣ ጥሩ ነው። በእሱ ፋንታ ግን አይሆንም። አንድ ምክር ልጨምር፦ ቪዲዮ ላይ የምታገኚው አብዛኛው የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ነው። የእኛ ከእሱ የወረሳቸው ምልክቶች አሉ፤ ቋንቋው ግን ሌላ ነው። እሱን ተምረሽ ለልጆቹ አታስተምሪ።

አብረሽ የምትማሪው ነገር ሥነ ሥርዓቱን ነው። ሰው ለመጥራት ትከሻ መንካት፣ እጅ ማወዛወዝ፣ መብራት ማብራትና ማጥፋት። በሚያወሩ ሁለት ሰዎች መሃል ቆሞ አለመቅረት። ለእያንዳንዱ ሰው የምልክት ስም መስጠት፤ የአንቺንም እነሱ ያወጡልሻል። «ደንቆሮ» እና «ዲዳ» የሚሉትን ቃላት ደግሞ ከክፍልሽ ዛሬውኑ አስወጪ። ያን ቃል የሚለጥፉባቸው የክፍል ጓደኞች ናቸው፤ ልጆቹ ባይሰሙትም ፊት ላይ ያነቡታል።

ወደ ዲግሪው እንምጣ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሰጡ የመምህራን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ሰበታም ለረጅም ጊዜ የልዩ ፍላጎት መምህራን ሲሠለጥኑባት የኖረች ከተማ ናት። ነገር ግን ልዩ ፍላጎት ሰፊ ዘርፍ ነው። ማየት የተሳናቸውን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን፣ ኦቲዝምን ሁሉ ያቅፋል። ምልክት ቋንቋ በዚያ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠት ጀምሯል። እሱ ቋንቋውን ያጠልቅልሻል፤ ለ9 ዓመት ልጅ መቀነስን እንዴት ታስተምሪያለሽ የሚለው ግን ሌላ ሙያ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር አስመጪ። ሁለት ነገር እይ። ምልክት ቋንቋው ስንት ሴሚስተር ነው? ከሚያስተምሩት ውስጥ መስማት የተሳነው መምህር አለ? ሁለተኛው መልስ «የለም» ከሆነ ሌላ ቦታ ጠይቂ።

ሁለተኛው የሥልጠና ክፍል፣ ማስተማሩ፣ በጣም የሚረሳው ነው። አማርኛ ከተወለደ ጀምሮ ለማይሰማ ልጅ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፣ ያውም በዓይን ብቻ የሚገባ። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «አለ» ብለሽ ስትጽፊ የሚሰማ ልጅ ተናገረ ይሁን ኖረ ከጆሮው ያመጣዋል። «ይመታል» ሲል መቺው ነው ወይስ ተመቺው? መስማት የተሳነው ልጅ ይህን ከየትም አያመጣውም፣ አንቺ በምልክት ካልነገርሽው በስተቀር። ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ነገሩን ራሱን ወይም ሥዕሉን ታሳያለሽ፣ ከዚያ ምልክቱን፣ ከዚያ የተጻፈውን ቃል፣ ከዚያ ቃሉን በተለያየ ዓረፍተ ነገር ውስጥ። ቃሉን ብቻ በሰሌዳ ጽፈሽ ይገልብጡ ብትይ ቆንጆ አድርገው ይገለብጡልሻል።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታቴ አንድ መስማት የተሳነው ልጅ ነበረኝ። ደብተሩ ከክፍሉ ሁሉ የጠራ ነበር። ባየሁት ቁጥር «ጎበዝ» እለው ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የገለበጠውን ገጽ አውጥቼ «ላም» የሚለውን ቃል አሳየሁትና ሥዕል አቅርቤ ምረጥ አልኩት። ዛፍ መረጠ። ደገምኩለት። ቤት መረጠ። ከዚያ የእኔን ፊት አየና እንዳልተደሰትኩ ሲገባው ሦስተኛውን ሥዕል በፍጥነት ጠቆመ። አምስት ወር ሙሉ የእኔን ሰሌዳ ሥዕል እየሣለ ነበር። «ገባህ?» ብዬ ስጠይቀው የነቀነቀው ራሱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። «ገባህ?» አትበዪ። ሥራው፣ አሳየኝ፣ ንገረኝ በዪ።

ሦስተኛው፣ የጆሮው ጉዳይ፣ በጥቂት ቀናት የሚያዝ ነው። ከአንገት በላይ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ሦስቱም ልጆች ይለኩ። ኩክ ሞልቶ የዘጋው ጆሮ እንኳ አለ። የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘላቸው ባትሪው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት እንደሚያልቅ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ልጁ ሲያድግ እንደሚቀየር እወቂ። መሣሪያው ድምፅን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚያጎላው፤ የ58 ተማሪ ጫጫታንም። በደንብ የሚሠራው አንድና ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። ከሰሌዳው ጥግ ቆመሽ ብትጮሂ አይረዳቸውም፤ ጠጋ ብለሽ በልኩ ተናገሪ።

ነገ ክፍል ስትገቢ ልታደርጊ የምትችዪው ትንሽ ነገር አለ። ጀርባሽን ለመስኮት ሰጥተሽ አትቁሚ፣ ፊትሽ ይጨልማል። እየጻፍሽ አትናገሪ። ወይ ሰሌዳውን ያያሉ ወይ እጅሽን፤ ለሁለቱም ጊዜ ስጪ። ሦስቱን አንድ ላይ፣ ሌሎቹን ተማሪዎች ማየት በሚችሉበት ጎን አስቀምጪ። ለክፍሉ ሁሉ በየጠዋቱ አምስት ምልክት አስተምሪ፤ የሚሰሙት ልጆች ካንቺ ይፈጥናሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ገደቡን ልንገርሽ። የተማረ ቢሆንም አንድ መምህር ለ55 ልጆች በአማርኛ፣ ለሦስት ልጆች በምልክት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ሊያስተምር አይችልም። ድካምሽ የችሎታ ማነስ አይምሰልሽ። ደግሞም ልጆች ቋንቋን ከመምህር ብቻ አይማሩም፣ እርስ በርስ ነው። ኒካራጓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ልጆች ማናጓ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። መምህራኑ ስፓኒሽ ከአፍ እንዲያነቡ ነበር የሚያስተምሯቸው፤ ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በግቢውና በአውቶቡሱ ውስጥ የየቤታቸውን ምልክት እያዋጡ በጥቂት ዓመታት ሙሉ ቋንቋ ፈጠሩ። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ያጠኑታል። የአንቺ ልጅ ብቻውን ሆኖ ይህን ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ዘንድሮ ዲግሪ አትጀምሪ። ይህን ዓመት ለቋንቋው ስጪው፣ ከላይ ባልኩሽ መንገድ። በዚሁ ጊዜ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ሁለት ነገር ጠይቂ። በወረዳው ውስጥ በየትምህርት ቤቱ የተበተኑት መስማት የተሳናቸው ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል ይሰብሰቡ። መስማት የተሳነው ረዳት መምህርም ይቀጠር። ደብዳቤሽ ላይ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ማጽደቋን ጥቀሺ። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ምልክት ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን ይቀጠሩ ይላል፤ አካል ጉዳተኛ መምህራንንም ይጨምራል። «በጀት የለም» ይሉሽ ይሆናል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይያዝበት። በሚቀጥለው ክረምት፣ እጅሽ ሲፈታ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት በክረምት መርሐ ግብር ጀምሪ። ያኔ ክፍል ውስጥ የምትሰሚው ንድፈ ሐሳብ ሁሉ ከሦስቱ ልጆች ፊት ጋር ይገናኝልሻል።

ልጆቹን ስታሰባስቡ አንድ ጥንቃቄ አድርጉ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ልጅ ዘመድ ቤት ወይም ኪራይ ቤት ያድራል። የደረሰበትን መናገር የማይችል ልጅ ለጥቃት የተጋለጠ ነው። ማን ዘንድ እንደሚያድር ሄደሽ እይ፣ ሰውነትን የሚመለከቱትን ምልክቶችና «እምቢ» የሚለውን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመሽ አስተምሪያቸው።

የ8 ዓመቷ ልጅ ግን ደብዳቤም ክረምትም አትጠብቅ። በዚህ ሳምንት ከወላጇ ጋር ጤና ጣቢያ ትሂድ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላት። እስከዚያ ጆሮዋ ውስጥ ዘይትም ቅጠልም አይግባ፣ ስትታጠብም ውሃ እንዳይገባበት ቫዝሊን በተቀባ ጥጥ ይሸፈን። ከጆሮዋ ጀርባ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ካየሽ በዚያው ቀን ውሰጃት።